ለ87 የማይካፈል

ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ አዲስ አበባ ለገሃር ይገባ የነበረው የድሮው ምድር ባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ሥራው በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁና አንባቢ ይታገሠኝ። ይህን ርዝመት ለ87 ቢያካፍሉት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይወጣል። ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ደጋ ያለው 2,300 ሜትር ገደማ አቀበት ደግሞ 26 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ያንን መስመር አንዲት ስንዝር ሳላጎድል በቤቴ ልሥራው የሚል ሰው፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚረዝምና ጣሪያው ከዘጠነኛ ፎቅ የሚደርስ ክፍል ያስፈልገዋል። እኔ የምሠራበት ምድር ቤት፣ እዚህ በሰው አገር፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽንና ከውሃ ማሞቂያ የተረፈ ቦታ ነው።

87 ቁጥሩ የኔ ፈጠራ አይደለም። በቤታቸው ትንንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ የተስማሙበት መጠን ነው፤ «ኤች ኦ» ይሉታል። እውነተኛው አንድ ፉት በሞዴሉ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ የሚያንስ 1 ለ160 አለ፤ የጀርመኑ ሜርክሊን በ1972 ያወጣው 1 ለ220ም አለ፣ ዐይን ለጠናለት ሰው። በኤች ኦ ዓለም አንድ ጎልማሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የሚሸጡት ትንንሽ ሰዎች አብዛኞቹ ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጆች ስለሆኑ፣ ነጠላ ከስስ ወረቀት እየቆረጡ ማልበስ የራስ ዕዳ ነው።

መስመሩ ሁሉ ምድር ቤቴ ስለማይገባ አዋሽን ብቻ መረጥኩ። ጣቢያው፣ ከዋናው መስመር ጎን ሁለት ሐዲዶች፣ መንገደኛው አረፍ ብሎ ይመገብበት የነበረው ቡፌ፣ ከገደሉ በላይ የተዘረጋው የብረት ድልድይ ቁራጭ። ድሬዳዋም አዲስ አበባም ከግድግዳው ጀርባ ናቸው። ባቡሩ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ ሲሰወር ወደዚያ ሄደ ብለን እንስማማለን፤ ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ ደግሞ ከዚያ መጣ እንላለን። ፍራንክ ኤሊሰን የሚባል የኒው ኦርሊንስ ሰው በ1944 በጻፋቸው ተከታታይ መጣጥፎች ይህንን ነገር ከቴአትር ጋር አስተያይቶታል። ሞዴሉ መድረክ ነው፣ ባቡሮቹ ተዋንያን፣ የጉዞ ሰሌዳው ድርሰቱ። ከዚያ ወዲህ ሙያውን የያዘ ሁሉ የኤሊሰን ደቀ መዝሙር ነው ማለት ይቻላል፣ ስሙን ባያውቀውም።

መድረክ ከሆነ ደግሞ ውሸት አለበት። ዋና መስመር ላይ የሚሮጥ ባቡር 40 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ልዙር አይልም፤ በየቤቱ ግን የተለመደው 46 ሴንቲ ሜትር ኩርባ ሲባዛ ያው 40 ሜትር ነው። የኛ የድሮ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር። ገበያ ላይ ያለው ሐዲድ ግን 12 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትሯ ወደ እውነተኛው ዓለም ብትመለስ ከአራት ሴንቲ ሜትር ትበልጣለች፤ እውነተኛ ባቡር በዚህ ልዩነት ከሐዲድ ይወርዳል። እንግሊዞች የባሰ ነገር አድርገዋል። የባቡሮቻቸው አካል ከሌላው አውሮፓ የጠበበ ስለነበር፣ የዚያን ጊዜው ሞተር በ1 ለ87 በተሠራ አካል ውስጥ አልገባ አላቸው። አካሉን ወደ 1 ለ76 አሳደጉትና ሐዲዱን ባለበት ተዉት። ስለዚህ የእንግሊዝ ሞዴል ባቡሮች እስከ ዛሬ ከሚገባቸው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል በጠበበ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። ይህን አንቀበልም ያሉ ጥቂቶች ሐዲዱን በገዛ እጃቸው 18.83 ሚሊ ሜትር አድርገው ይሠራሉ። አከብራቸዋለሁ። ቅናት ግን አይሰማኝም፤ ምክንያቱም ያቺን ሚሊ ሜትር ካስተካከሉ በኋላም ግድግዳው እዚያው ቆሟል፣ ኩርባውም ያው ነው። ዋናው ነገር የት ቦታ እንደዋሸህ ማወቅ ይመስለኛል።

ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለሠራው ሰው ከውሸቱ ይልቅ የሚያስገርመው እምቢተኛው ነው። በመቀስም በመጋዝም የማያንስ ነገር አለ። ውሃ አያንስም። አራት ሚሊ ሜትር የምትሆን ጠብታ በዚያ ዓለም 35 ሴንቲ ሜትር ነች፤ የእንስራ ሆድ የሚያህል ጠብታ ከሰማይ ሲወርድ ማየት ነው። ስለዚህ የሞዴል ወንዞች ውስጥ ውሃ የለም፤ የሚፈሰውና የሚደርቀው ሬዚን ነው። ክብደትም አይታዘዝም፣ ወይም ከልክ በላይ ይታዘዛል። ርዝመት አንዴ ለ87 ሲካፈል ክብደት ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ 152 ግራም ሆኖ ያርፋል። በዚህ ክብደት ፉርጎ መጎተት ስለሚያቅተው አምራቾች ሆዱ ውስጥ ብረት ይጨምሩለታል። አቧራም አያንስም። በሐዲዱ ላይ ያረፈች ብናኝ ኤሌክትሪኩን ትቆርጠዋለች፤ ባቡሩም በረሃ መሃል ያለ ምክንያት ቀጥ ይላል። (ይህንን ስጽፍ የድሮው መስመር ተሳፋሪዎች «ምን አዲስ ነገር አለው?» ሲሉ ይሰማኛል።)

ከሁሉ በላይ የማያንሰው ጊዜ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ፍጥነቱ ለ87 ሲካፈል በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አራት ሜትር ክፍል በሃያ አንድ ሴኮንድ ያልቃል። የአንድ ቀን ጉዞ የነበረው ነገር ሻይ ሳይቀዳ ያበቃል። ሠሪዎቹ ለዚህ መላ ፈጥረዋል፤ ስድስት ጊዜ የሚፈጥን ሰዓት ግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ። አንድ ሰዓት ሲጫወቱ ባቡሮቹ የስድስት ሰዓት ሥራ ሠርተው፣ ተሳፋሪ አውርደው፣ ጭነት ቀይረው ያድራሉ። እዚህ ላይ ሳልስቅ አላልፍም። ሰዓትን ያሠረው ራሱ ባቡር ነበርና። በአሜሪካ እያንዳንዱ ከተማ በገዛ ፀሐዩ ይኖር ነበር፤ በኖቬምበር 18 ቀን 1883 የባቡር ኩባንያዎቹ ተስማምተው አገሩን በወጥ ሰዓት ከፋፈሉት። መንግሥት ይህን በሕግ ያጸደቀው በ1918፣ ከ35 ዓመት በኋላ ነው። የዓለምን ሰዓት ያቀና ባቡር በምድር ቤት ውስጥ ሰዓቱ እንደገና ይንጋደድበታል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ሐበሻ፣ ሦስተኛ ዓይነት ሰዓት ቤቱ ውስጥ ቢገባ ብዙም አይደንቀውም።

ሆኖም ፈጣኑ ሰዓት የሚሠራው ለባቡሩ ነው፤ ለሠሪው አይሠራም። ጠጠር ማልበስን እንውሰድ፤ ከሥራዎቹ ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ኮምፔንሳቶው ተቆርጦ፣ ሐዲዱ ተቸንክሮ፣ ሽቦው በስታኞ ተበይዶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ጠጠር በማንኪያ በሐዲዱ መሃል ይፈስሳል። በለስላሳ ብሩሽ ከአግዳሚዎቹ ላይ እየተጠረገ በየመሃሉ ይገባል፤ አንዲት ፍሬ በሐዲዱ ውስጠኛ ጎን ከቀረች ጎማ ታነሳለች። የመስመር መቀየሪያው ዘንድ ሲደረስ ትንፋሽ ይዋጣል፤ ምላሱን ሙጫ ከነካው ሁለተኛ አይላወስም። ከዚያ አልኮል የገባበት ውሃ እንደ ጉም ይነፋበታል። በመጨረሻ በውሃ የቀጠነ ቪናቪል፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ሳሙናው ከሌለ ሙጫው ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ እንክብል ሠርቶ ጠጠሩን ይዞ ይንከባለላል። ውሃ ለ87 አልካፈልም ስላለ ሰው በሳሙና ይለምነዋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ የተጠናቀቀው አንድ ሜትር ሐዲድ ሊሆን ይችላል። አሁን መጠበቅ ነው። ነጩ ሙጫ እስኪጠራ፣ ጠጠሩ እስኪጠና፣ እስከ ነገ። ማራገቢያ ቢያመጡ ጠጠሩን ይበትናል። እሑድ ጠዋት በጣት ጫን ሲሉት ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ሜትር በዚያ ዓለም 87 ሜትር ነው። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ለዚህ? የሚል ሰው ሒሳቡን ይሥራ። ከ1897 እስከ 1917 ሃያ ዓመት ነው። 784 ኪሎ ሜትር ለነዚያ ቀናት ሁሉ ሲካፈል በአማካይ በቀን 107 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በእርግጥ አማካይ ነገር አታላይ ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ ገንዘብ አልቆበት፣ መንግሥታት ተሟግተውበት ለዓመታት ቆሞ ነበር። ያም ሆኖ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ከእውነተኛው መስመር የአንድ ቀን እርምጃ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ እነሱ በሐሩር ውስጥ ቋጥኝ ያፈነዱበት፣ ሰው የሞተበት መሆኑ ነው። ሞዴሉ ላብ የለውም። ሙቀቱም፣ የሠራተኛው እንባም፣ በፉርጎ ጥግ ኮንትሮባንዷን አቅፋ የተቀመጠች ሴት ልብ ምትም ለ87 ተካፍለው አይገቡም። ይህን የሚረሳ ሠሪ መጫወቻ ይሠራል። የሚያስታውስ ደግሞ ምን እንደሚሠራ በውል አላውቅም፤ ከመጫወቻ ግን ይለያል።

እናቴ በስልክ «ዛሬ እኮ ሰንበት ነው፤ ምን ታንኳኳለህ?» ትለኛለች። «ጨዋታ ነው እማዬ» እላታለሁ። «ጨዋታ ከሆነማ ምን ያደክምሃል?»

ጥያቄዋ ከብዙ ፈላስፋ ጥያቄ ይበልጥብኛል። በኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ናቸው። የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ለቅዳሜ ብዙ መከራ ተቀብለውበት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ቀናት እንዲከበሩ ተወስኗል፤ የ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። በሌላው ዓለም ሁለት የዕረፍት ቀን የመጣው በሌላ በር ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1926 ለፋብሪካ ሠራተኞቹ የአምስት ቀን ሳምንት ሰጠ፤ የአሜሪካ ሕግ በ1938 ተከተለው። የባቡር ሞዴል ሠሪዎች መጽሔት፣ «ሞዴል ሬይልሮደር»፣ ሚልዋኪ ላይ መታተም የጀመረው በጃንዋሪ 1934 ነው፤ ብሔራዊ ማኅበራቸው በዚያችው ከተማ የተመሠረተው በማግሥቱ ዓመት በ1935። በእነዚያ ዓመታት ብዙ አሜሪካዊ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር፤ ያልተመኘው ጊዜ ተርፎት። ነፃዋ ቅዳሜና ትንሹ ባቡር በአንድ ትውልድ ውስጥ መወለዳቸው አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ለእናቴ ጥያቄ የኔ መልስ እንዲህ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምደክመው ድካም «በቃ» የሚለው ሌላ ሰው አለው፤ ሥራው ማለቁንም፣ መልካም መሆኑንም፣ ዋጋውንም የሚወስነው እሱ ነው። በምድር ቤቱ «በቃ» የምለው እኔ ነኝ፤ እኔም አልልም። የሰንበት ዕረፍት በኦሪት የመጣው ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ነው። የሞዴል ሠሪ ግን ያልተፈጸመ ነገር ይዞ ሰንበትን ይገባል፣ ያልተፈጸመ ነገር ትቶ ይወጣል። ይህ ከመጽሐፉ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ካህናቱ ይፍረዱ። ዕረፍት ካለመሥራት ይመጣል የሚለውን ግን ሥራ ፈትቶ የሚያውቅ ሰው አይቀበለውም። የሚያሳርፈው ባለቤቱ የሆንክለት ድካም ነው።

ለዚህ ሐሳብ ትልቁ ፈተና የጆን አለን ታሪክ ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ከተማ የኖረ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» ብሎ የሰየመውን መስመር በቤቱ ምድር ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ ተራሮች መሃል ገነባው። ከዓመታት በፊት የሠራትን የመጀመሪያዋን ትንሽ ሞዴል እንኳ አልጣላትም፤ በትልቁ ውስጥ አንድ ሰፈር አድርጎ አስገባት። ቀልድም ያውቅ ነበር፤ ፉርጎ የምትገፋ ኤማ የተባለች ዳይኖሰር ነበረችው። በየጊዜው ጓደኞቹ እየመጡ ባቡሮቹን እንደ እውነተኛ ድርጅት ያንቀሳቅሱለት ነበር። በጃንዋሪ 1973 ሞተ። አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ቤቱን እሳት በላው፤ ሞዴሉም አብሮ ተቃጠለ።

መጽሐፈ መክብብን ያነበበ አንባቢ ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የአለን ሥራ እንዲቆይ ታስቦ አልተሠራም፤ እንዲሠራ ታስቦ ነው የተሠራው። ከእሳቱ የተረፉት ፎቶግራፎቹ ናቸው፤ ዛሬም ሰዎች አጉሊ መነጽር ይዘው ያጠኗቸዋል። «ታይምሴቨር» ያላትም የሐዲድ እንቆቅልሽ አለች። በአምስት መቀየሪያ ብቻ ፉርጎዎችን በአጭር ጊዜ በየቦታቸው የማሰለፍ ጨዋታ ናት፤ እስከ ዛሬ በየአገሩ እየተሠራች ሰዎች ይጫወቱባታል። ተራራው አመድ ሆነ፣ ጥያቄው ግን ተረፈ። ይህ ትንሽ ውርስ አይደለም።

ሌላው ምሳሌዬ ከአለን ጋር ተቃራኒ ነው። ሮይ ኢንግላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ ወጣት በ1925 ወደ እንግሊዝ መጣ። በደቡብ እንግሊዝ ባለ ሸለቆ ውስጥ የቆዩ የሣር ክዳን ቤቶች እየፈረሱ፣ ክዳናቸው በሌላ እየተተካ ሲያይ፣ ከመጥፋታቸው በፊት በትንሹ ልሥራቸው ብሎ ተነሣ። በ1954 ሎንግ ዊተንሃም በምትባል መንደር ፔንደን የተባለውን ሙዚየም መሠረተ። ቤቶቹ በምናብ አልተሠሩም፤ በቦታው ተገኝተው የተለኩ፣ ሥዕላቸው የተነሣ፣ ጡባቸው ቀለሙ የተመዘገበ ናቸው። እሱ በ1995 ሞቷል፤ በጎ ፈቃደኞች ያንኑ ሸለቆ አሁንም ይሠራሉ። ለኔ የዚህ ሁሉ ድካም ትርጉም እዚያ ጋ ይገለጣል። ሞዴል መሥራት ትዝታን ወደ መለኪያ ይገፋል። «ጣቢያው ትልቅ ነበር» ማለት ለሠሪው አይበቃውም፤ በሩ ስንት ሜትር ከፍታ ነበረው? መስኮቱ ባለ ስንት መስታወት? ጥላው በስንት ምሰሶ ቆመ? ትዝታችን በነዚህ ጥያቄዎች ፊት ባዶ እጁን ይቀራል። በልጅነቴ ሁሌ ያየሁት የመሰለኝን ጣቢያ በወረቀት ልንደፍ ስቀመጥ የመስኮቱን ቅርጽ እንኳ አላውቀውም። ማየትና መለካት የተለያዩ ናቸው፤ ፍቅርም ብዙ ጊዜ የሚያየው እንጂ የሚለካው የለውም።

የኛ ጣቢያዎች ደግሞ እየሄዱ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የራሱ ጣቢያዎች ያሉት ነው፤ የድሮዎቹን በደጃቸው አልፏቸዋል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አገር አዲስ ባቡር ያስፈልጋታል። አንድ ቀን ቆርቆሮው ሲነቀል፣ ድንጋዩ ለሌላ ቤት መሠረት ሲሆን ግን፣ በአገልግሎት ላይ እያለ ማን ለካው?

ስለዚህ ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በአንዱ ቅዳሜ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። የበሩን ቁመት፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የጣሪያውን ዘንበላ፣ የቀለሙን ዓይነት ጻፉ። ፎቶ ስታነሡ ሰው አጠገቡ አቁሙ፤ ቁመቱን ከሰውየው ማስላት ይቻላል። ምድር ባቡር ያገለገለ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ደግሞ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች አውጥታችሁ እሱ በሕይወት ሳለ የት ጣቢያና በየትኛው ዓመት እንደተነሡ ጠይቁት፤ ከያንዳንዱ ጀርባም በእርሳስ ጻፉበት።